ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ፦ የባዮሎጂ ምርጫ ኮርሶች ጉዳይ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ያለፈ ሰው የምርጫ ኮርስ እንዴት እንደሚመረጥ ያውቃል። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ጥቂት ርዕሶች ተደርድረው "ምርጫ" ይባላሉ። መንፈቀ ዓመቱ ሲከፈት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ርዕሶቹን ትቶ መምህራኑን ይቆጥራል። አንዱ ለዶክትሬት ሄዷል፤ የሌላዋ የማስተማር ሸክም ሞልቷል፤ ሦስተኛው የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች አሉት። እጁ ባዶ የሆነው መምህር የሚችለው ርዕስ የዚያ ዓመት ምርጫ ይሆናል። የክፍል ተወካዩ ለባቹ ያስታውቃል፣ ሁሉም ይመዘገባል፣ ውጤት ማስረጃው ላይ ግን ተማሪው ራሱ የመረጠው መስሎ ይሰፍራል።

ይህን ያህል የታወቀ ነገር ማንሳት ለሐሜት አይደለም። ኃላፊው ሌላ መንገድ የለውም። ጥያቄው በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ወይም ሁለት ምርጫ ብቻ መክፈት የሚችል ክፍል የትኛውን ይክፈት ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉት የጎጃም ደጋዎች መልሱ ከመጽሐፍ ይልቅ ከመሬቱ ይገኛል የሚል አቋም አለኝ። አቋሜን የሚቃወሙ ከባድ ምክንያቶችም አሉ፤ ወደ እነሱ እደርሳለሁ።

ምርጫ ለተማሪ መስጠት በየትም አገር ያለ ክርክር ያለፈ ነገር አልነበረም። ቻርልስ ኤልየት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1909 ሐርቫርድን ሲመራ የግዴታ ኮርሶችን አንድ በአንድ እየሸረፈ ተማሪው ያሻውን እንዲወስድ ፈቀደ። ተማሪዎቹም እንደሚጠበቀው ቀላሉንና ጠዋት የማይጀምረውን አደኑ። የተካው ሎውረንስ ሎውል ነጻነቱን ገታ አድርጎ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መስክ ላይ እንዲጠልቅ፣ የቀረውን ደግሞ ከተለያዩ መስኮች እንዲያዳርስ አዘዘ። ዛሬ በብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለው አሠራር የዚህ እርቅ ልጅ ነው። በባዮሎጂ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር ያሳተመው ሰፊ ሰነድ ዋናውን ትምህርት በአምስት ሐሳቦች ጠቀለለው፦ ዝግመተ ለውጥ፣ የቅርጽና የተግባር ዝምድና፣ የመረጃ ፍሰት ከዘረመል ወደ አካል፣ የኃይልና የቁስ ዑደት፣ በመጨረሻም ሥርዓት። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ በምሳሌነት ይገባል ማለት ነው። ይህን ከተቀበልን ምርጫ ኮርስ አዲስ የስም ዝርዝር የሚሸመደድበት ቦታ መሆኑ ይቀራል፤ አምስቱ ሐሳቦች በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ሲሠሩ የሚታዩበት ይሆናል።

የእኛ ታሪክ በምርጫ በኩል ከአንዱ መጥበብ ወደ ሌላው መጥበብ የሄደ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ሳይንስ ከመጀመሪያዎቹ ዘርፎች አንዱ ነበር። የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊው ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚህ ምልከታ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ፍለጋ ተወለደ፤ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ልብ ይባል፤ መነሻው እናቶቻችን ሁሌ የሚያደርጉት ነገርና ወንዙን ዝቅ ብሎ ያየ አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ሥራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዘርዝር ነው። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ጀምረው በ2009 ጨረሱት። ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው ከአዘጋጆቹ መካከል ነበሩ። ስለዚህ የጎጃም ተማሪ ዛሬ በእጁ የያዘውን ቅጠል ስም ለማወቅ ወደ ለንደን ወይም ወደ ፍሎረንስ ሄርባሪየም መጻፍ አያስፈልገውም።

መጽሐፉ እየሰፋ ሲሄድ የተማሪው ጊዜ ግን እየጠበበ ሄደ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዲግሪው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ሲያጥር መጀመሪያ የተቆረጠው ያው ምርጫው ነበር፤ የግዴታ ኮርስ ተከራካሪ መምህር አለው፣ ምርጫ ጠበቃ የለውም። በኋላ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ የተጣጣመ ሥርዓተ ትምህርት፣ ከዚያም ሞጁል መጣ። ዓላማው መልካም ነበር፤ የደብረ ማርቆስ ምሩቅና የሐረማያ ምሩቅ በአንድ ሚዛን እንዲለኩ። የሁለቱ ከተሞች አፈር፣ ዛፍና በሽታ የተለያየ መሆኑ ግን በዚያው ከገጹ ወጣ። ዓሣ ሀብት፣ ንብ ማነብ፣ የአትክልት ልማት የመሳሰሉት ርዕሶች በአንዱ ቦታ ግዴታ፣ በሌላው ምርጫ ሆነው ይገኛሉ፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ይቸግራል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ተመልሰው ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ። የተጨመረው ዓመት ግን በአጠቃላይ ትምህርቶች ተሞላ፤ ምርጫው የነበረበት ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ፈተናው በዋና ዋና ኮርሶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ "ኤግዚት ላይ ይመጣል?" ብሎ ይጠይቃል፤ አይመጣም ከተባለ ኮርሱ የሰዓት ብክነት ይሆንበታል። አንዳንድ ክፍሎች የምርጫውን ሰዓት በዝምታ ለፈተና ክለሳ እንደሚያውሉት ይሰማል። አልፈርድባቸውም። የትምህርት ክፍል የሚመዘነው ስንት ተማሪ አሳለፈ ተብሎ ነው እንጂ ተማሪው ኮሶንና ጽድን ለይቶ ያውቃል ወይ ተብሎ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ አሠራር ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። በማካካሻው የሪሚዲያል ትምህርት የሚገቡት ቢጨመሩም ውጤቱ ያለው ተማሪ መጀመሪያ ጤናንና ምሕንድስናን ይመርጣል። ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ጂኦሎጂ የቀረላቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ስሌቱን እናስበው፦ በአንድ ባች 18 ተማሪ ያለው ክፍል ሦስት ምርጫ ቢከፍት በአንዱ ስድስት ተማሪ ይቀመጣል። ለስድስት ተማሪ መምህር መመደብ አስተዳደሩ አይዋጥለትም፤ አውቶቡስ ማስፈቀድ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። "የምርጫ ዝርዝሩን እናስፋ" የሚለው ምክር ከዚህ ስሌት ጋር ሲጋጭ ይፈርሳል። ሰፊ ዝርዝር የሚያምረው ሺህ ተማሪ ላለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትንሽ ክፍል የሚያስፈልገው ጥቂት ኮርስ ነው፣ ግን ሌላ ቦታ ሊሰጥ የማይችል።

የደብረ ማርቆስ ሀብት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። በደቡብ ምሥራቅ ወደ ደጀን ሄዶ ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ መንገደኛ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል፤ ግራርና የዕጣን ዛፍ፣ አፍን የሚያደርቅ ሙቀት። በሰሜን በኩል በረቡዕ ገበያ አድርጎ ስናንን አልፎ ጮቄ የወጣ ደግሞ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይቆማል። በሁለቱ መካከል የ3,000 ሜትር ልዩነት አለ። ሁለቱንም ለማየት አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ይበቃሉ። በቆላው ግራር፣ በወይና ደጋው ዋንዛና ብሳና፣ በደጋው ወይራና ጽድ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ መጨረሻ ላይ ጓሳና ጅባራ። 

የጮቄ ኮርስ ምን ሊያስተምር ይችላል? ጅባራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ እያበዛ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይ በሆነበት ቦታ ለስላሳውን እምቡጥ እንዴት ከቅዝቃዜ ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ብቻውን የዕፅዋት ፊዚዮሎጂን ግማሽ ይሸፍናል። ጓሳው ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮች ይለቃል፤ የዓባይ ገባሮች ብዙዎቹ ከዚህ ተራራ ይነሣሉ። ገብሱና ድንቹ ግን በየዓመቱ ወደ ላይ እየወጡ ጓሳውን ይበሉታል። እርሻው ለምን ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን ለመመለስ ዝቅ ያለው መሬት አሲዳማ መሆኑን፣ ኖራ ውድ መሆኑን፣ የልጆች ቁጥርና የእርሻ ክፍፍልን ማንሣት ግድ ይላል። እንግዶ የሚባለው የአጃ ዘመድ በደከመ አፈር ላይም ስለሚበቅል ገበሬው ለምን እንደያዘው ያኔ ይገባል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከጮቄ ጠፍቷል። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ ግን አለ። ሁለት ተራራ፣ ሁለት ውጤት፤ ምክንያቱን መፈለግ የጥበቃ ሥነ ሕይወትን ከማንኛውም ስላይድ የተሻለ ያስተምራል። ከመንዝ መልስ ውስጥ አንዱ ሕዝቡ ጓሳውን ለዘመናት ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት መጠበቁ ነው፤ ይህም የባዮሎጂ ተማሪው ከማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ይነግረናል።

ሁለተኛው ብዙ የሚያስተምረው ጉዳይ እግር ነው። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚያርስ ሰው ለዓመታት ደቃቅ ማዕድኖች በቆዳው ይገባሉ። በሊምፍ መስመሩ ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ መስመሩ ይቆጣል፣ ይጠነክራል፣ ይዘጋል፤ እግሩ ያብጣል። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚለው ጋር ይደባልቀዋል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከተሕዋሲ እንደማይመጣና ከአፈር ጋር እንደሚያያዝ ያሳየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከመቶው ሦስቱ ያህል ታመው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ለበሽታው መጋለጥ በከፊል ከዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳተሙ።

አሁን ይህን እንደ ምርጫ ኮርስ እንየው። የአፈር ማዕድን አለበት፤ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አለበት፤ ዘረመል አለበት፤ ከፍታና ዝናብ አለበት። ከሁሉም በላይ በመንደሩ "ዘር ነው" ተብሎ ጋብቻ የሚከለከልበት መከራ አለበት። ዘረመል ድርሻ አለው ማለት በሽታው ራሱ ከወላጅ ይወረሳል ማለት እንዳልሆነ፣ ጫማና እግር መታጠብ እንደሚከላከለው ለገበሬ በራሱ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ተማሪ፣ ኢሚዩኖሎጂና ጄኔቲክስ ተረድቷል ብዬ እፈርማለሁ። የጤና ተማሪዎችም ይህን ኮርስ ሊወስዱት ይገባል፤ ያን ጊዜ የስድስት ተማሪ ችግር በራሱ ይቃለላል።

ቀሪዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ጤፍ፦ እነማይና ደጀን የማኛ አገር ናቸው። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ስለሆነ ማዳቀል አይቻልም ሲባል ኖሮ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት አስተውሎ መንገዱን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ከማኛና ከዱከም ዝርያዎች የተዳቀለ ነው። የጤፍ የዘረመል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ 40 ክሮሞሶም ያለው፣ ከሁለት የጥንት ዘመዶች የተገኘ ተክል ነው። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ሊመረምረው ይችላል። ፈንገስ፦ የስንዴ ዋግ፣ የድንች በሽታ፣ በአዊ ደግሞ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ጉዳይ። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው በአሲዳማ መሬቱ ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ መልሶ ጤፍ ዘርቶ ኑሮውን ቀይሯል። በቅርብ ዓመታት ዋግ መሰል ፈንገስ ዛፉን መታው። አንድ ዓይነት ዛፍ በአንድ ወረዳ መላ ሲተከል ምን እንደሚከተል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ፣ ከዚህም የሚያሳዝን ምሳሌ የለም። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ጎጃም ውስጥ አለ፤ ለተማሪ ልምምድ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የዓሣ ኮርስ ለደብረ ማርቆስ አይመስለኝም። ጣና አለልን የሚል ካለ ጣና የባሕር ዳር ነው። እዚያ ሐይቁ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዘመዶች ከአንድ አባት ተለያይተዋል፤ በዝግመተ ለውጥ ረገድ ብርቅ ነገር ነው። እምቦጭ የተባለው ወራሪ አረምም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለ። ይህን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ ለሌሎቹ ያካፍል። ሁሉም ሁሉንም ላስተምር ሲል ነው ርዕሱ በየቦታው ላይ ላዩን የሚቀረው።

ተቃውሞዎቹ ምን ይላሉ? የመጀመሪያው ቅጥር ነው። ተማሪው ሥራ ይፈልጋል፤ አሠሪው ስለ ጅባራ አይጠይቀውም። የባዮቴክኖሎጂና የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ክህሎት ይሻላል ይባላል። እውነት አለው። ግን ሬጀንት በሌለበት ላብራቶሪ የሚሰጥ የባዮቴክ ምርጫ ክህሎት አያስገኝም፤ የፒሲአርን ሂደት በቦርድ ላይ ስሎ ማስቀዳት ብቻ ነው። መለካት፣ ናሙና መሰብሰብ፣ መረጃ በኮምፒውተር መተንተንና ንጹሕ ሪፖርት መጻፍ ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ይፈለጋሉ፤ እነዚህን ጮቄ ላይም ማስተማር ይቻላል።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጎጃምን ክፉኛ ነክቷል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ተማሪ ጭኖ ወደ ተራራ መላክ ማንም ኃላፊ አይደፍርም፣ ሊደፍርም አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ የመስክ ኮርስ ሁለት መልክ እንዲኖረው ያስፈልጋል። መንገድ ሲከፈት ጮቄ፤ ሲዘጋ በከተማው ውስጥና ዳር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች። በአማራ ክልል የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ አለማየሁ ዋሴ የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ፤ በዙሪያው ያለው መሬት ሲራቆት የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ የሆኑት እነዚህ ቅጥሮች ናቸው። ከግቢው በእግር የሚደረስ ቅጥር ውስጥ ችግኝ ስንት እንደበቀለ፣ የቱ ዛፍ ልጅ እንደሌለው መቁጠር ይቻላል። የአስተዳዳሪውን ቄስ ፈቃድ መጠየቅና ጫማ ማውለቅ ግን አይዘንጋ።

ሦስተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ይህ በእኔ እምነት ከሚመስለው ይቀላል። ፈተናው የሥነ ምኅዳርና የጄኔቲክስ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የጮቄና የእግር ኮርሶች እነዚህኑ ይደግማሉ፣ በተጨባጭ ጉዳይ ላይ። መምህሩ በየሳምንቱ የትኛው ርዕስ ከየትኛው ዋና ኮርስ ጋር እንደሚገናኝ ቢጽፍ ተማሪው ክለሳውን እዚያው ያገኘዋል።

አሠራሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። ሁለት ምርጫ ብቻ፣ አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው በመጪው ዓመት፤ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት በአንድ ላይ ይቀመጡ። እንደዚያ ሲሆን 18 የነበረው 36 ይሆናል፣ እያንዳንዱም ተማሪ ሁለቱንም ያገኛቸዋል፤ መምህሩም በየሁለት ዓመቱ ስለሚመለስበት ማስታወሻው እየበሰለ ይሄዳል። የተወሰኑ መቀመጫዎች ለግብርናና ለጤና ተማሪዎች ክፍት ይሁኑ። ተማሪዎች የሰበሰቡት ናሙና ተጭኖ፣ ተለጥፎ፣ ቦታና ቀን ተጽፎበት በትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ፤ ቅጂው ወደ ብሔራዊው ሄርባሪየም ይላክ። የአሥር ዓመት ባች የሰበሰበው ናሙና ከምንም ሪፖርት በላይ አስታ ከየትኛው ከፍታ ወደየት እንደሸሸ ይናገራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የዕፅዋት መጫኛ፣ ጋዜጣና ካርቶን ነው፤ በጀት የለም የሚል ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን የትምህርት ክፍሉ ብቻውን አይፈታውም፤ የትምህርት ዘመኑን የጊዜ ሰሌዳ። ደጋው ላይ ሣሩ አብቦ የሚለየው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በጦርነት፣ በፈተና መራዘምና በመሳሰለው ምክንያት የዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዘመን እየተንሸራተተ ሲሄድ የአንዱ ዓመት አንደኛ መንፈቅ በጥቅምት፣ የሚቀጥለው በጥር ይጀምራል። የመስክ ኮርሱ ከመንፈቁ ጋር ታስሮ ከተንሸራተተ ተማሪው በየካቲት ደረቅ ጓሳ እየዳሰሰ ዝርያ ለዩ ይባላል። ስለዚህ የመስክ ሳምንቱ ከመንፈቀ ዓመቱ ተለይቶ፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ክፍል ቢጀመርም ባይጀመርም በቋሚነት ቢመደብ ይሻላል።